የአሥራ አንዱ ለምዶች በጅሮንድ

ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ፈሪ ነው። ቴምብር ሰብሳቢው ንፋስ ይፈራል። የሸክላ ሳህን ሰብሳቢው ድመት ይፈራል። የአሮጌ መጻሕፍት ሰብሳቢው «አንድ ጊዜ አንብቤ ልመልስልህ» የሚል ወዳጅ ይፈራል፤ እውነቱንም ነው። የፈሪዎች ሁሉ አለቃ ግን የድሮ የጦር አውሮፕላን ሠራተኞችን የቆዳ ጃኬት የሚሰበስበው ነው። እሱ የሚፈራው አየሩን ነው። ሲደርቅ ይፈራል፣ ሲረጥብ ይፈራል፤ ፀሐይ ስትወጣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ስትጠልቅ ደግሞ ሻጋታ መጣ ይላል። ከአየር ሸሽቶ የት ይገባል?

ጃኒስ ኦድሊንግ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እንዲህ ካለው ፈሪ ጋር አርባ አንድ ዓመት በትዳር ኖራለች። ባሏ ክላይቭ ዕድሜውን በሙሉ በእንግሊዝ አገር በሊንከንሻየር ረግረግ ውስጥ የውሃ ቦይ ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በስካርቢ መንደር ግን ቦዩን የሚያስታውስለት የለም። «የጃኬቱ ሰውዬ» ነው የሚሉት። እኛ ግን እንደሚገባው በማዕረግ እንጥራው፤ በጅሮንድ ክላይቭ እንበለው። የንጉሥ ግምጃ ቤት የጠበቁት እንኳ የእሱን ያህል አልተጨነቁም።

ግምጃ ቤቱ የልጃቸው የሩት መኝታ ክፍል ነበር። ሩት አግብታ ወደ ሊድስ በሄደች በሦስተኛው ቀን አልጋዋ ወጣ፣ መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ፣ አሥራ አንድ ጃኬቶች በጥጥ በተጠቀለለ መስቀያ ላይ ተንጠልጥለው ገቡ። ሁሉም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚሁ አካባቢ እየተነሱ በየሌሊቱ ባሕር ይሻገሩ የነበሩ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራተኞች የለበሷቸው ናቸው። ዛሬ ድንች የሚበቅልበት ማሳ ያኔ ማኮብኮቢያ ነበር። ጃኬት ይባሉ እንጂ ለምድ ናቸው፤ የበግ ሌጦ፣ ጸጉሩ ወደ ውስጥ፣ ቆዳው ወደ ውጭ፣ ኮሌታው እስከ ጆሮ። ከዜሮ በታች ሠላሳ ለሚደርስ ብርድ የተሰፉ ስለሆኑ እንደነሱ የሚያሞቅ ልብስ አልተሠራም ይባላል። ታዲያ እነዚህ አሥራ አንድ የሙቀት አባቶች ፎቅ ላይ ተሰቅለው ሳለ ሁለቱ የቤቱ ባለቤቶች ምድር ቤት ጓንት አድርገው ቴሌቪዥን ያያሉ። ማሞቂያው ከአሥራ ሦስት ዲግሪ እንዳያልፍ ተወስኗልና። ሙቀት ቆዳ ያደርቃል።

ዓርብ ዓርብ አሳና ድንች ጥብስ ይገዛሉ፤ ግን ቤት አይገባም። የስቡ ሽታ በደረጃው ወጥቶ ጃኬቶቹ ላይ ያርፋል ይላል በጅሮንዱ። ስለዚህ በራሳቸው ግቢ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው፣ መስታወቱ በላብ ተሸፍኖ፣ የራሳቸውን ቤት እያዩ ይበላሉ። ጎረቤት ሲያልፍ ጃኒስ በሹካዋ ሰላምታ ትሰጣለች።

እንግዳ ቢመጣ «እንደምን ዋልክ» ከመባሉ በፊት «እጅህን ታጥበሃል?» ይባላል። የውሃ ቧንቧ ሠራተኛው ወደ ጣሪያው ለመውጣት በዚያ ክፍል ማለፍ ነበረበትና ነጭ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ተሰጠው። ሰውዬው ወደ ጃኒስ ዞሮ፣ «እመቤት፣ ቧንቧ ልጠግን ነው ወይስ ሰው ቀድጄ ልሰፋ?» አላት። ክላይቭ አልሳቀም። «ስትተነፍስ ወደ ግድግዳው ዙር» ብቻ አለው።

የመንደሩ ቄስ ፊሊፓ፣ በዚያ አገር ሴትም ትቀስሳለችና፣ ለሻይ የመጡ ዕለት ደግሞ የባሰ ሆነ። ገና ብስኩታቸውን ሳይነክሱ ከሱፍ ሹራባቸው ላይ አንዲት ብል ብር ብላ ተነሣች። ክላይቭ ከወንበሩ ተወርውሮ በቄሷ ደረት ፊት ለፊት ሁለት እጁን ጧ! አደረገ። ብሏ አመለጠች። ቄሷ ሻያቸውን ልብሳቸው ላይ ደፉት። በማግስቱ አሥራ አንዱም ጃኬቶች በየተራ ወደ በረዶ ማስቀመጫው ሳጥን መግባት ጀመሩ፤ የብል እንቁላል የሚሞተው በብርድ ነውና ይህ የሰብሳቢዎች ሁሉ ሥርዓት ነው። አተሩ ወጣ፣ አይስክሬሙ ወጣ፣ ለገና የተገዛው የቱርክ ዶሮ በስደት በጃኒስ እኅት ቤት ከረመ። ጃኒስ ቋሊማ ልታወጣ ክዳኑን ስትከፍት አንድ እጅጌ ከውስጥ ሰላም የሚላት እየመሰላት ልቧ ይመታ ነበር።

በጅሮንዱ አንዲት አባባል አለችው፤ በስብከት መጨረሻ ላይ እንደ አሜን ያስገባታል። «ቆዳ አይሞትም፤ ይገደላል እንጂ።»

ስለ ቆዳ እርጅና ከጀመረ ግን ፈሪነቱን ይረሳል። ድምፁ ይለሰልሳል። «ይሄ ሽብሽብ እንዳይመስልሽ» ይላታል የአንዱን ክርን ከሩቅ በእርሳስ እያመለከተ፤ «ሰውዬው ስድስት ሰዓት ሙሉ ካርታ ላይ ተደግፎ ነው። ይቺ የነጣችው ደግሞ የፓራሹቱ ማሰሪያ ያለፈበት። ቀለሙ እየለቀቀ ሲሄድ ሥሩ ያለው ቀይ ይወጣል፤ ሰው ፀጉሩ ሲመለጥ ራሱ እንደሚታየው። ሁለት ጃኬት አንድ ዓይነት አያረጅም ጃኒስ፤ ሁሉም የለባሹን ነው የሚያረጀው።» ጃኒስ እሺ እሺ ትላለች። በልቧ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ስንት ዓመት ሙሉ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ እሳት ትመኝ ነበር። ሰው የማይጎዳ፣ ያቺን ክፍል ብቻ የሚጎበኝ።

ከአሥራ አንዱ አሥሩ የራሱ ናቸው። ከሰገነት፣ ከጎተራ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሞተው ሊቀበሩ ሲሉ ያነሣቸው ናቸው። አሥራ አንደኛው ግን አደራ ነው። ሚስተር ሬጂናልድ ዳውስ የሚባሉ፣ በጦርነቱ ጊዜ በአውሮፕላን ጭራ ተቀምጠው መትረየስ የሚተኩሱ የነበሩ ሽማግሌ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ራሳቸው ተሸክመው አመጡት።

«እኔ ቤት ብል ይበላዋል» አሉ። «በዚህ አውራጃ እንዳንተ የሚፈራ ሰው የለም ይሉኛልና አንተ ጋ ይቀመጥ። ስፈልገው እጠይቅሃለሁ።»

ዕድሜያቸው ያኔ ሰባ ሦስት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት አልጠየቁም። በኅዳር መጀመሪያ ግን፣ የጦርነቱ ሙታን የሚታሰቡበት እሁድ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከሚኖሩበት የአረጋውያን ቤት ስልክ ደወሉ።

«ክላይቭ፣ እሁድ ማሳው ዳር የመታሰቢያው ድንጋይ ጋ ይወስዱኛል። ጃኬቴን አምጣልኝ።»

ክላይቭ «በደስታ ሚስተር ዳውስ» አለ፤ እውነትም ደስ ብሎት ነበር። እያፏጨ ፎቅ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ጃኒስ ስሟ ሲጠራ ሰማች። ድምፁን አላወቀችውም። እንዲህ ባለ ድምፅ የጠራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሩት በሕፃንነቷ ቦዩ ውስጥ የገባች ለታ። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

ክላይቭ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የሚስተር ዳውስ ጃኬት ጭኑ ላይ ነው። ብብቱ ሥር ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ተከፍቷል፤ ክሩ ሲነካ ይፈረፈራል።

«ከመስቀያው ሳነሣው ነው» አለ። «ብቻውን። ድምፅ እንኳን አላሰማም። እዪ።» አውራ ጣቱን ቆዳው ላይ በስሱ አሳረፈ። ጣቱ ቆዳውን እንደ ረጠበ ወረቀት በስቶት ገባ።

ጃኒስ ሌሎቹን አሥሩን አየቻቸው። ደርቀዋል፣ ተሰነጣጥቀዋል፣ ግን አሉ። «እነዚህ ምን ሆኑና? ይሄ እኮ ከሁሉም ደህናው ነበር!»

ክላይቭ ስልኩን አወጣ። ኬንት አውራጃ ላለ፣ እንደ እሱው ጃኬት ሰብሳቢ ለሆነ ጓደኛው ደወለ፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነው ያናገረው። ጓደኛው ጥቂት ጠየቀው።

«ዘይት ቀብተኸዋል?»

«የከብት ሸኮና ዘይት። በዓመት ሁለቴ። ጸደይ ላይና መኸር ላይ።»

«ስንት ዓመት?»

«ሃያ ሦስት።»

«አይ ክላይቭ» አለ ሰውዬው። «ዘይቱ ክሩን በልቶታል። ቆዳውንም አላልቶታል። ድሮ ሁላችንም ቆዳ ዘይት ይመገባል እንል ነበር፤ ስንቱን እንዲሁ ፈጀነው። ሌሎቹንም ቀብተሃል?»

«አልነካኋቸውም። የራሴ ናቸው» አለ ክላይቭ። «ይሄ አደራ ስለሆነ ነው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤቱን የያዘው ፍርሃት የብልና የሻጋታ አልነበረም። ክላይቭ አይበላም። የልቡን ኪኒን ጠዋት ውጦ ይሁን አይሁን አያስታውስም፤ ጃኒስ መቁጠር ጀመረች። ማንቆርቆሪያው ፊት ቆሞ፣ «ሚስተር ዳውስ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት...» እያለ ሲለማመድ ትሰማዋለች። ውሃው ይፈላል፣ ንግግሩ ግን ከዚያች አያልፍም። አደራ በላ የመባል ነገር አጥንቱ ድረስ ገብቷል። ያቺን ትንሽ እሳት ስትመኝ የኖረችው ጃኒስም አሁን ክፍሉ በር ላይ እየቆመች ትንፋሿን ትይዛለች። ሚስተር ዳውስ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ፣ ክላይቭም ያን ሰምቶ እንዴት እንደሚቆም ታስባለች።

ሐሙስ ጠዋት ክላይቭ ዓይኑ ቀልቶ ወረደ። «ከአሥሩ አንዱ ልኩ ነው» አላት። «ቀለሙም ተመሳሳይ ነው። እሱን ብሰጣቸውስ?»

«አያውቁም ብለህ ነው?»

«ዓይናቸው ደክሟል።»

«ክላይቭ!»

«እሺ፣ እሺ። አፍንጫቸው አልደከመም፤ ያውቁታል።» ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«ብቻህን ልሰድህ ኖሯል? ካፖርትህን ልበስ።»

በአረጋውያኑ ቤት ቤቭ የምትባል አስታማሚ ተቀበለቻቸው፤ በዚያ አገር ደንብ ሰውን ሁሉ «ዳክዬዬ» እያለች የምትጠራ ወፍራም ሴት ናት። «ግቡ ዳክዬዎቼ፣ ከትናንት ጀምሮ በር በሩን እያዩ ነው» አለቻቸው። ሚስተር ዳውስ መስኮቱ ሥር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ዘጠና ስድስት ዓመት ያለፈበት ሰውነት፣ ከሸሚዝ ኮሌታ የተረፈ ቀጭን አንገት። ክላይቭ ጃኬቱን በወረቀት እንደተጠቀለለ በካርቶን ይዞ እንደ ተከሳሽ ቆመ።

«ሚስተር ዳውስ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት...» አለና ማንቆርቆሪያው ጋ የሚቆምባት ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። ጃኒስ ከኋላ በጣቷ ጎኑን ወጋችው። «ገደልኩት» አለ። «ጃኬትዎን ገደልኩት። እየተንከባከብኩ መስሎኝ ዘይት ቀባሁት፣ በሰበሰ። ሊለብሱት አይችሉም። ይቅርታ ማለትም አፍራለሁ።»

ሽማግሌው ትንሽ አዩት። «በጉ ከታረደ እኮ ሰማንያ ዓመት ሊሆነው ነው» አሉ። «አንተ አይደለህም የገደልከው። ደግሞስ በዚህ ትከሻ ማን ሊለብሰው ነው? ኮሌታውን ብቻ ነው የምፈልገው። አምጣው፣ ኮሌታውን ገልብጥልኝ።»

ጃኒስ ባሏ ፊት ላይ ያለው ፍርሃት እንዲቀልል ጠብቃ ነበር። አልቀለለም፤ ባሰበት። ጃኬቱን አዛውንቱ ጭን ላይ አስቀምጦ ኮሌታውን በሁለት ጣት ገለበጠ። ከኮሌታው ሥር የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ አለች፤ ያኔ ሠራተኞቹ ስማቸውን በቀለም የሚጽፉባት። ዘይቱ ጠጥቷት ጠቁራለች። አንድም ፊደል አይታይም።

«መነጽሬን» አሉ ሚስተር ዳውስ። ቤቭ አቀበለቻቸው። ወደ መስኮቱ አዘነበሏት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጓት፣ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጓት።

«የለም» አሉ። «ቤቭ፣ የለም።»

«ምኑ ነው የሌለው ዳክዬዬ?»

«ስሙ!» አሉና ወደ ጃኒስ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንደጠፋ ሕፃን ዓይን ሆኗል። «የኔ ጃኬት አይደለም። የኔ በዝናብ ርሶ ስለነበረ አንድ አዲስ ልጅ የሱን ሰጠኝ፤ ያን ሌሊት እሱ ተረኛ አልነበረም። ስመለስ ተኝቷል፤ ነገ እሰጠዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ማታ የሌላ ሰው ለብሶ በረረ፤ አልተመለሰም። እዚህ ከመጣ ሳምንት አልሞላውም ነበር፣ ድንጋዩ ላይ እንኳን ስሙን ሳይጽፉት ቀሩ። እኛ 'ቀዩ' ነበር የምንለው። እሁድ ስሙን ራሴ ልጠራለት ነበር። አንድ ጊዜ።» ትንፋሻቸው አጠረ። «ቀዩ ብዬ ልጥራው? ሰው ቀዩ ተብሎ ይታሰባል? እኔ አሁን አንዳንድ ጠዋት የልጄም ስም ይጠፋኛል። ግን አልፈራሁም ነበር፣ ኮሌታው ላይ አለ እል ነበር። የሱን ስም አንተ ዘንድ ነው ያስቀመጥኩት ክላይቭ። እንዳንተ የሚፈራ የለም ብዬ።»

ጃኒስ የክላይቭን ክንድ ያዘች፤ ይወድቃል ብላ ፈራች።

«ኤድዊን» አለ ክላይቭ።

ሽማግሌው ቀና አሉ።

«ኤድዊን ጆን ላቬሪክ።» ድምፁ ያቺ ስለ ክርን ሽብሽብ ሲያወራ የምትመጣዋ ለስላሳ ድምፅ ነበረች። «ሃያ ዓመቱ። አገሩ ዊትቢ፣ አባቱ ዳቦ ጋጋሪ። ሱቁ ዛሬ ጫማ ይሸጥበታል፤ ሄጄ አይቻለሁ። እኅቱ እስከ 2004 በሕይወት ነበሩ፣ ሻይ አጠጥተውኛል። እርግብ ያረባ ነበር አሉኝ። ያመጡልኝ ቀን ነው ጨርቋን ያነበብኩት። የእርስዎ ስም አለመሆኑን አየሁ። የማን ነው ብዬ ልጠይቅዎት ፈለግሁ፤ ፈራሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ፈራሁ።»

«ኤድዊን» አሉ ሚስተር ዳውስ። «ኤድዊን። አዎ። ቴድ ብላችሁ አታሳጥሩኝ ይል ነበር፣ ይቆጣ ነበር!» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲሄድ ቤቭ መሐረብ አመጣች። ከዚያ የክላይቭን እጅ ለቀም አደረጉ። «እስከ እሁድ ብረሳውስ?»

«አጠገብዎ እቆማለሁ።»

እሁድ ካፊያ ነበር። ድንች የወጣበት ጥቁር ማሳ ዳር፣ ድንጋዩ ፊት፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው ጃንጥላ ይዞ ቆመ። ቄሷ ፊሊፓ የተቀረጹትን ስሞች አንብበው ሲጨርሱ ሚስተር ዳውስ ከወንበራቸው እጃቸውን አነሡ። ጃኬቱ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል።

«አንድ ይቀራል» አሉ። «ኤድዊን...» አሉና ቆሙ። አፋቸው ክፍት ቀረ። ጃኒስ ጥፍሯ መዳፏ ውስጥ ሲገባ ተሰማት። ክላይቭ ጎንበስ ብሎ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር አለ። «ኤድዊን ጆን ላቬሪክ!» አሉ ሽማግሌው፣ ከዚያ ቀጭን አንገት ይወጣል ተብሎ በማይታሰብ ድምፅ። ጃንጥላው የእሳቸው ራስ ላይ ነበር፤ ካፊያው ጃኬቱ ላይ ይወርዳል። ክላይቭ አየው፤ አልነካውም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጃኒስ ነበረች የምትነዳው። ክላይቭ ከመስኮቱ ውጭ ያያል፤ ፀጉሩ ርሷል፣ አፍንጫው ቀልቷል፣ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ልቡም እንደ ዱሮው አይደለም። ይህን ፈሪ ሰው ምን ያህል እንደምትወደው በድንገት ገባትና ደነገጠች።

«የሌሎቹ አሥሩስ?» አለችው።

«የሌሎቹ ምን?»

«የሰዎቹ ስም ነዋ። ታውቀዋለህ?»

«የሰባቱን አውቃለሁ። ሦስቱን እየፈለግሁ ነው። ካርድ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ካርድህን ማን ያነበዋል? ሩት በአንድ ቀን ጠራርጋ ትጥለዋለች። አንተ ብትሞትብኝስ?»

ጃኒስ ማርሽ ቀየረች።

«በል፣ ክፍሉ በር አጠገብ ከተሰቀለው ጀምር» አለችው።

ጀመረላት። የመጀመሪያውን ስም ከነአገሩ፣ ከነዕድሜው ነገራት፤ ደገመችው። ሁለተኛውንም ደገመችው። ሦስተኛው ላይ የአባቱን ስም ከሁለተኛው ጋር አምታታችና አረማት።

«ቀስ በል እንጂ» አለችው፤ «ልያዘው።»